አራተኛው ዘርፍ

አሰላ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዮፍታሔ፣

እንደምን ሰነበትክ? አባትህ አባባ አዛናውስ እንዴት ናቸው? ሳላቸው ቀለል አለላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ላይ ብቻ የክረምቱ ብርድ ሲጫወት ከረመ።

ትናንት ስትደውል ለጠየቅከኝ መልስ ሳልሰጥህ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብዬ መዝጋቴን ታዝበሃል። ኔትወርኩ ደህና ነበር። አንተ ስትደውል አባባ ከጎንህ ሆነው እንደሚሰሙ ስለማውቅ ነው። ከእንግዲህ እንዲህ በወረቀት እየጻፍኩ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ፤ መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው።

«ጣሊቴ ደህና ነች ወይ?» አሉ አልከኝ። በ83 ዓ.ም. ከሁሩታ ወደ እስራኤል ስትነሱ፣ በየኬላው ፍተሻ ስለነበረ፣ ዕብራይስጥ የተጻፈበት ልብስ ይዞ መገኘት ያስፈራል ብለው ያቺን የጸሎት ልብሳቸውን አጣጥፈው እጄ ላይ ሲያስቀምጧት «አደራ ልጄ፤ ራሴ መጥቼ ነው የምቀበልሽ» ያሉኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ባለቤቴ እንደሻውም ቆሞ ይሰማ ነበር። እሱ በሕይወት ሳለም ሆነ ካለፈ በኋላ ስንት ጊዜ «ሰው አግኝቻለሁ፣ ልላክልዎት?» ብያቸዋለሁ። «አይሆንም፣ መጥቼ ነው!» አሁን መምጣቱ እንደማይሆንላቸው ሐኪሞቹ ከነገሯቸው፣ በእሷ ተገንዘው መቀበር መፈለጋቸው ይገባኛል። ሳጥኑን እንደከፈትኩ እጽፍልሃለሁ። ቁልፉን ያኖርኩበት ጠፍቶብኝ ነው።

ይልቅ የእህቴን ልጅ የገረሱን ጉድ ስማ። ያሳደገችውን ቤተ ክርስቲያን ትቶ ከመናኸሪያው ጀርባ አዳራሽ ተከራይቶ «ነቢይ» ሆኗል። ነቢይ መሆኑን ከእኔ በስተቀር አሰላ ሁሉ ያውቃል። ብረት በያጁ ጋ ሄዶ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ አሠራ። ከሥጋ ቤት የበሬ ቀንድ ለምኖ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ጫፉን በስቶ፣ «ቀንደ መለከት ነው» ብሎ እሑድ እሑድ ሰፈሩን ያናውጠዋል። ዘመናይን ታስታውሳታለህ፣ የማርያም አጥቢያዋ ጎረቤቴን? አጥሩ ላይ ተደግፋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦ «ተስፋነሽ፣ እኛ ታቦት ስናወጣ ጣዖት ነው ስትሉን ኖራችሁ። ዛሬ እናንተ ጋ የሚጮኸው ምንድነው፣ ባጃጅ ነው?» በዚህ ዕድሜዬ የሰው መሳቂያ አደረገኝ።

ለአባባ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ ተስፋነሽ

ነታንያ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ተስፋነሽ፣

ለብቻህ አንብበው ብለሽኝ ነበር፤ የቀንዱን ነገር ግን ለአባባ ሳላነብላቸው መቅረት አልቻልኩም። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «የበሬ? ምነው፣ አርሲ አገር በግ ጠፋ?» አሉ። የበሬ ቀንድ ለዚህ አይሆንም። የወርቁን ጥጃ ያስታውሳል፤ ይቅርታ ልንለምን በቆምንበት ቀን በደላችንን ይዘን እንደመቅረብ ነው። የበግ የሆነው በይስሐቅ ፈንታ የታረደውን በግ እግዚአብሔር እንዲያስብልን ነው። ጎንደር ሳለን የኛ ሰዎች ቀንድ መንፋቱን ከተዉት ቆይተው ነበር። አባባ በወጣትነታቸው ኢየሩሳሌም ተልከው ሲማሩ ነው ያወቁት፤ ጣሊቷንም ይዘዋት የመጡት ያን ጊዜ ነው። ነገ ማታ አዲስ ዓመታችን ይገባል፣ ቀንዱም ይነፋል። «የገረሱን በሬ ሳስብ ስቄ እንዳላሳፍራችሁ» ይላሉ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቁልፍ ጠፋብኝ አልሽ። ተስፋነሽ፣ አንቺ ስታስተምሪ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ሁሉ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ የምትዞሪ ሴት ነበርሽ፤ አንድ ቀን ጠፍቶብሽ አያውቅም። የሆነ ነገር ካለ ንገሪኝ። ብል በልቷት ይሆን? ዝናብ አግኝቷት? ግድ የለም፣ አባባ አይቆጡም። «የተበሳሳች ብትሆንም የእኔው ናት» ብለዋል።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ሸዋዬ የምትባል ጎረቤታችን ለወንድሟ ሠርግ አዲስ አበባ ትመጣና በጥቅምት አጋማሽ ትመለሳለች። ጣሊቷ በእሷ እጅ ካልመጣች፣ ከዚያ በኋላ ብትመጣ የምትደርስ አይመስለኝም።

ወንድምሽ ዮፍታሔ

አሰላ፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዮፍታሔ ወንድሜ፣

እንኳን አደረሳችሁ ማለት ይገባኝ ነበር፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን እንኳን የሚባል ነገር የለም።

ቁልፉ አልጠፋም። ዋሸሁህ። ሳጥኑን ሰው ከፍቶታል፤ የከፈተውም እጄ ላይ ያደገው ገረሱ ነው። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።

ነሐሴ ላይ በቆጂ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ እሑድ ነበር። «አክስቴ፣ ዛሬ ልዩ ፕሮግራም አለን፣ እባክሽ ነይ» ብሎ ስለለመነኝ ከመናኸሪያው በቀጥታ፣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ አዳራሹ ገባሁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀንዱ ተነፋ። ከዚያ ገረሱ የአባባን ጣሊት ተከናንቦ መድረክ ላይ ወጣ! መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም፣ የገበያ ይሆናል አልኩ። ግን አባባ ራሳቸው ተቀምጠው በቡኒ እራፊ የጣፏትን ትከሻዋን እኔ አላውቃትም?

ደም ይፈሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ አነበበ፤ የጌታን የልብስ ጫፍ ዳስሳ የተፈወሰችውን። «ያ ጫፍ ይኸውላችሁ!» ብሎ በማዕዘኑ ላይ የተንጠለጠለውን ዘርፍ ወደ ላይ አነሳ። ሰው ሁሉ ተነሳ። መቀስ አስመጣ። አራቱንም ዘርፍ ከአራቱ ማዕዘን ቆርጦ፣ ስማቸውን እየጠራ ለአራት ሕመምተኞች አደለ። ጮህኩ ዮፍታሔ፣ በአምላክ ስም «ተው!» ብዬ ጮህኩ። ግን አዳራሹ ሁሉ ይጮኻል፤ የእኔን ከሃሌሉያው ማን ይለየው?

ቤት ሲመጣ በር ላይ ጠበቅኩት። ምን እንዳለኝ ልጻፍልህ፣ እዚያም ሆነህ ደምህ ይፍላ፦

«አክስቴ፣ የእስራኤል ነገር ሁሉ ለኛ ነው። እኛ በክርስቶስ ወራሾች ነን።»

«ወራሽ የሚሆነው ባለቤቱ ሲሞት ነው! አባባ አዛናው በሕይወት አሉ!»

«ኢየሱስም እኮ ለብሶታል።»

«ኢየሱስ የለበሰው የራሱን ነው። የሰው ሳጥን ከፍቶ አልለበሰም!»

«አንቺ ቅባቱ አልገባሽም» ብሎኝ ወጣ። እኔን! ፊደል ያስቆጠርኩትን እኔን!

ታውቃለህ፣ ጣሊቷን በዓመት አንዴ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አውጥቼ ጥላ ላይ አናፍሳት ነበር። ጣቴ ዘርፉ ላይ ሲያርፍ «ጌታዬ እንዲህ ያለውን ነበር የለበሰው፤ የአይሁድ እናት ልጅ ነበረ፣ እንደ አባባ ጠዋት ተከናንቦ ይጸልይ ነበር» እል ነበር። መጽሐፉ ከመድረክ ሲነበብ ከምሰማው ይልቅ ያን ጊዜ ይቀርበኝ ነበር። ያቺንም ሴት ያዳናት ክሩ አልነበረም፤ እምነትሽ አዳነሽ ነው ያላት። ለእኔ ማየቱ ይበቃኝ ነበር፤ መቀስ አላስፈለገኝም።

ጣሊቷ አሁን ቤቴ ናት። ከገረሱ ትከሻ ላይ በእጄ ነው የገፈፍኳት። ማዕዘኖቿ ግን ባዶ ናቸው። በዚያ ጊዜ ወዲያው ያልነገርኩህ አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ተስፋነሽ

ነታንያ፣ መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ተስፋነሽ፣

ሰሞኑን ደጋግመሽ ስትደውዪ አላነሳሁም። ብናገር የማልመልሰው ቃል ይወጣኝ ነበር።

ትናንት የስርየት ቀን ነበር። ከጾሙ በፊት የበደሉንን ሁሉ ይቅር ማለት አለብን። የመኪና ማቆሚያዬን የሚዘጋብኝን ጎረቤቴን እንኳ ይቅር አልኩ። ገረሱ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ቀኑን ሙሉ ጾሜ፣ ቆሜ፣ እሱን እየተራገምኩ ዋልኩ። ይህ ምን ጾም ነው?

ያ ዘርፍ ምን እንደሆነ ለነቢይሽ ንገሪው። ክታብ አይደለም። ለማንም ሕመም የታዘዘ አይደለም። በአራቱ ማዕዘን የሚታሰረው፣ ስናየው የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንድናስብና ልባችንንና ዓይናችንን ተከትለን እንዳንባዝን ነው። ትእዛዝ ያለበት ሕያው ሰው የሚያስረው የማስታወሻ ቋጠሮ ነው። ሲቋጠርም በዚያው ልብስ ላይ መቋጠር አለበት፤ ተቆርጦ ቢሰፋ ለጸሎት አይሆንም። የአባቴ ጣሊት ከእንግዲህ አይጸለይባትም።

ደግሞ ይህንን ንገሪው። አያቴ ጎንደር ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። በሠራው ማረሻ እያረሱ፣ ማታ «ቡዳው መጣ» ብለው ልጆቻቸውን ይደብቁበት ነበር። ሁሩታ የደረሰብንን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባቴ ያችኑ ጣሊት ተከናንበው ሲጸልዩ የአከራያችን ልጅ በቀዳዳ አይቶ «ይደግማሉ» ብሎ አስወራ። እንስራችንን ሰበሩት፣ ዕቃችንን ደጅ አወጡት። ያን ቀን አንቺና እንደሻው ቤታችሁ ባታስገቡን የት እንወድቅ ነበር?

ያው ልብስ ዛሬ ፈዋሽ ሆነ? ሰውየው ቡዳ፣ ልብሱ ፈውስ? የሒሳብ አስተማሪ ነበርሽ፤ ይህን ሒሳብ አስረጂኝ! ልብሳችንን ወደዱት፣ ቀንዳችንን ወደዱት፣ መቅረዛችንን ወደዱት። እኛን መውደድ ነው ያቃታቸው። «አባባ አዛናው ማን ናቸው? ይፈቅዱልኛል ወይ?» ብሎ አንድ ቀን ጠይቆሻል?

ለአባባ አልነገርኳቸውም። በየቀኑ «ሸዋዬ ገና አልሄደችም?» ይሉኛል። መዋሸት ከአንቺ ተማርኩ መሰለኝ።

ዘርፎቹን ፈልጊልኝ። ለጸሎት ባይሆኑም ለመቃብር የአባቴ ናቸው። በየሰው ኪስ ተበትነው አባቴ በተዘረፈ ልብስ አይገነዙም።

ዮፍታሔ

አሰላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ዮፍታሔ፣

የጻፍከውን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ ደጋግሜም አንብቤዋለሁ። አልተቀየምኩህም። ብትቆጣ ነው የሚገባህ፤ እኔም እስካሁን እየነደድኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ገረሱ አዳራሽ ሄድኩ። ቀንዱን ሊነፋ ሲያነሳ ቀድሜ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ማይኩን ከእጁ ወሰድኩ። ሊከለክለኝ አልደፈረም፤ በልጅነቱ በዚህ እጄ ነው አፍንጫውን የጠረግሁለት። የአንተን ደብዳቤ አነበብኩላቸው፣ ቡዳ ያልክበትን ጭምር። «ይህ ክር ባለቤት አለው። ባለቤቱ በሕይወት አሉ፣ አልጋ ላይ ሆነው ልብሴ መቼ ትመጣለች እያሉ ነው። የወሰዳችሁትን መልሱልኝ» አልኳቸው። ሃሌሉያ የሚል አልነበረም። ብዙ ሰው አለቀሰ። አንዳንዱ ደግሞ አጉረመረመ፤ «መንፈሱን ታጠፋለች» አሉኝ። ላጥፋው! እንዲህ ያለው መንፈስ ይጥፋ!

ያኑ ቀን ሁለቱ መጡልኝ። አንዱን አንዲት ሴትዮ ትራሷ ሥር አድርጋው ነበር። ሌላውን አንድ መምህር በቦርሳው ይዞት ይዞር ነበር፤ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ሦስተኛውን ማታ እናትየው ከልጇ አንገት ፈትታ አመጣችልኝ። ዘመናይ ዓይኗ ደህና ስለሆነ፣ ሦስቱንም በየማዕዘናቸው በጥንቃቄ ሰፋችልኝ። እየሰፋች አልቀለደችብኝም፤ በሷ አልተለመደም። ሲያልቅ ብቻ «ታቦቱን የሚሸከም ሰው እንኳ ታጥቦ፣ ጾሞ ነው የሚነካው። እንዴት ዝም ብሎ ይቆርጣል?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከርኳትም።

አራተኛውን ፍለጋ ሳጉሬ አጠገብ ወዳለው ወደ ዱሬሳ ቤት ሄድኩ። ገብስ አራሽ ነው። ዘርፉ የተሰጠው ለሚስቱ ለብርቄ ነበር። ደጁ ላይ ድንኳን አየሁ። ስለ ክሩ ልጠይቅ የሄድኩ ሴትዮ ለቅሶ ደራሽ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ዱሬሳ ራሱ ነው አንስቶ የነገረኝ፤ ወሬው ደርሶት ኖሯል። «ኣዴ ተስፋነሽ፣ ነቢዩ ይህን ከያዝሽ ክኒኑ አያስፈልግሽም አላት። ተወችው። ስትሞት ክሩ እጇ ውስጥ ነበር፤ ጣቶቿን ማላቀቅ አልቻልኩም፣ ከነክሩ ቀበርኳት። የሰው መሆኑን ብናውቅ አንወስድም ነበር። ሰውየው ይቀየሙን ይሆን?» አለኝ። ሚስቱን የቀበረ ሰው አባባ እንዳይቀየሙት ይጨነቃል! እጁን ይዤ አብሬው አለቀስኩ።

ከዚያ ሄጄ ገረሱን በጥፊ መትቼዋለሁ። ይህንንም ከኔ ስማው። የብርቄን ነገር ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ምን አለኝ መሰለህ? «ነጭ ክር ገዝተን አንድ እናስመስልና እንስፋ፤ ሽማግሌው በዚህ ዕድሜያቸው አይለዩትም።» አየህልኝ? ቀምቶ፣ ቆርጦ፣ ገድሎ፣ አሁን ደግሞ ሊያታልል! ከቤቴ አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ደጄ ላይ እየመጣ ይቆማል፤ አልከፈትኩለትም።

ነገ አዲስ አበባ ወርጄ ለሸዋዬ በእጇ አስረክባታለሁ። ሦስት ዘርፍና አንድ ባዶ ማዕዘን አላት። ማስመሰያ አላደረግሁባትም። አደራውን ሙሉ መመለስ አልቻልኩም፤ ውሸት ጨምሬ ግን አልልከውም። ለአባባ እውነቱን ንገራቸው። ከፈለጉ ይርገሙኝ።

ተስፋነሽ

ነታንያ፣ ህዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ተስፋነሽ፣

የሐዘኑን ሰባት ቀን ጨርሼ ዛሬ መጻፍ ቻልኩ። መደወልሽን አውቃለሁ። ሸዋዬ መርዶውን ነግራሽ ስልኩ ላይ ያለቀስሽውን ልጄ አሰማችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጣሊቷ በጊዜዋ ደርሳለች። አባባ ጭናቸው ላይ አድርገው አሸተቷት። «የአሰላ ብርድ አላት» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው ማዕዘኖቿን ተራ በተራ ዳሰሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ሲደርሱ እኔ ፊቴን አዞርኩ። «አራተኛው የት አለ?» አሉኝ። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አነበብኩላቸው፣ አንዱንም ሳልዘል።

መቆጣታቸው አልቀረም። ግን እኔ እንደተቆጣሁት አልነበረም። ስለ መቀሱ ባዶዋን ማዕዘን ይዘው አዳመጡ። የብርቄ ክኒን ላይ ስደርስ ነው ከትራሳቸው የተነሱት፤ እንዲያ ሲጮኹ ካየሁ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። «የኔን ክር ይቁረጠው! የሴትዮዋን መድኃኒት ቁረጥ ማን አለው? በትእዛዝ ማስታወሻ ሰው ይገደላል?» እስኪያልባቸው ተቆጡ። ከዚያ የብርቄን ስም ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ለአንቺ ያሉት ይህ ነው፦ «አደራዬን በልታ አልካደችም፤ ሰው ፊት ቆማ ተናግራለች። ባዶውንም ባዶ አድርጋ ልካለች። እጅሽን ስሜያለሁ በላት።» ለዱሬሳ፦ «አልተቀየምኩም። እኔ ነኝ የማዝንለት።» ለገረሱ፦ «ልብሳችንን ከመልበሱ በፊት እኛን ሰላም ይበለን። መጀመሪያ ግን ዱሬሳ ደጅ ሄዶ ይቁም።» ይህን አድርሺለት፤ ደጅሽ ላይ መቆሙን ይተውና እዚያ ይሂድ። እኔ ይቅር አልኩት ብዬ አልዋሽሽም። ገና ነው።

«አባባ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን እንዴት ይሆናል? አዲስ ልግዛ?» ስላቸው «ተዋት። እንዲያውም እንደዚህ ነው የምትገባኝ» አሉ። ያን ጊዜ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ የእኔ ሆድ እንዳይባባ ያሉት መሰለኝ። የስግድ በዓላችንን አብረውን ዋሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ዐረፉ።

ሬሳ ሲገነዝ ቆሜ አላውቅም ነበር። ገናዡ ጣሊቷን አለበሳቸውና ከኪሱ መቀስ አወጣ። መቀሱን ሳይ ዘልዬ እጁን ያዝኩት። ገናዡ ሽማግሌ አልተቆጣኝም። «ልጄ፣ ሥርዓቱ ነው። ትእዛዝ ያለበት ሕያው ብቻ ነው፤ የአባትህ ሸክም ተራግፏል። ስለዚህ አንዱን ዘርፍ እንቆርጥለታለን» አለኝ። እጁን ለቀቅኩት። ማዕዘኖቹን እየዳሰሰ ሄዶ ባዶዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህስ ተቆርጧል። ማን ቀደመኝ?»

«ብርቄ የምትባል የአርሲ ሴት ይዛው ሄዳለች» አልኩት።

መቀሱን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ወንድምሽ ዮፍታሔ